ሦስት ላሞች ከገርጂ እስከ ቦሌ ለሚ ማዶ

ማክሰኞ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ጃንጥላ፣ የጎማ ቦት ጫማና አንድ ኪሎ ሙዝ ይዣለሁ። መንገዴ ረጅም አይደለም። ከገርጂ ተነስቶ በጎሮ በኩል አልፎ ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማዶ ካለ አንድ የገበሬ ግቢ መድረስ ነው። በደህና ቀን በታክሲ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔ ግን የምሄደው ሦስት ላሞች ይዤ ነው፤ ወሩም ሐምሌ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የመንግሥት የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ የወተት ከብት እርባታ አስተምራለሁ። ዘንድሮ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ በረት አለችን። ሠልጣኞቼ ማለብ፣ መመገብ፣ የታመመ ከብት መለየት የሚማሩት እዚያች በረት ውስጥ ነው። በዚህ ዓመት በጀት ሲጸድቅ የመምህራን ደመወዝ እንዳለ አለፈ። የመኖ፣ የከብት መድኃኒትና የተግባር ትምህርት ወጪ ግን ተሰረዘ። በአጭሩ የላም አስተማሪዋ ትበላለች፣ ላሟ አትበላም ማለት ነው።

ዲኑ ሁለት ምርጫ ሰጡኝ፤ ወይ ላሞቹ በጨረታ ይሸጡ፣ ወይ መኖ እስኪገኝ ድረስ በአደራ የሚይዛቸው ሰው ፈልጊ። ከተሸጡ ሥልጠናው እዚያው ያከትማል። ላም በሌለበት የላም ትምህርት ማን ይመዘገባል? ሰው ማፈላለግ ጀመርኩ፤ አንድ ሰውም አገኘሁ። ከዓመታት በፊት እኛ ጋ የሦስት ሳምንት አጭር ሥልጠና የወሰዱ፣ አዴ ወርቄ የሚባሉ እናት ናቸው። ስልክ ስደውልላቸው ብዙ አልጠየቁኝም። «አምጫቸውና እንያቸው» ብቻ አሉኝ። ይውሰዷቸው አይውሰዷቸው ግን ቁርጡን አልነገሩኝም።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ

የመንግሥት ንብረት ያለ ደብዳቤ ከግቢ አይወጣም። ደብዳቤው ላይ የሚያርፈው ማኅተም ደግሞ የኛን በጀት ከሚያየው ቢሮ ነው የሚገኘው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደዚያ ሄድኩ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ አባርቷል። የመድኃኔዓለም ጧፍ ሻጮችና ነጠላ የለበሱ ተሳላሚዎች የእግረኛውን መንገድ ሞልተውታል። ከአንዲት ሴት የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በሃያ ብር ገዝቼ እየበላሁ ደረጃውን ወጣሁ። ሊፍቱ አይሠራም ነበር።

የበጀት ባለሙያው አቶ መላኩ ይባላሉ። ከዚያ በፊት በአካል ተገናኝተን አናውቅም። በልቤ ግን ስጣላቸው ነው የከረምኩት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ፋይል ተከብበው አገኘኋቸው። ማኅተሙን ወዲያው መቱልኝ። ያኔ አመስግኜ መውጣት ስችል አላስቻለኝም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አቶ መላኩ፣ መኖውን ሲሰርዙ ላሞቹ ምን ይበላሉ ብለው ነው?»

አልተቆጡም። ወንበር ሳቡልኝ።

«መምህርት፣ እኔ ላም አልሰረዝኩም። እኔ ጋ የሚመጣው ጣሪያ ነው። ለኮሌጁ ይህን ያህል ይላል፤ ከዚያ በላይ መሄድ የለም። ዘንድሮ ጣሪያው ወረደ። ደመወዝ አይነካም፤ ሕጉ ነው። የተጀመረ ግንባታ አይቆምም። የሚቀነሰው ከሁለቱ ውጭ ካለው ነው።»

«ታዲያ የስፌት ክፍሉ ክርና ጨርቅ እንዴት ተረፈ?»

ተነስተው ሁለት ፋይሎች አመጡና ጎን ለጎን ዘረጉልኝ። አንደኛው የስፌት ክፍሉ ነው። ማን የት እንደተቀጠረ፣ የትኛው ማሽን እንደተበላሸ፣ ጨርቅ ቢጠፋ የትኛው ትምህርት እንደሚቆም በስሙ ተጽፏል። ሁለተኛው የእኔ ነበር። በየዓመቱ ያቀረብኳቸው የሦስት ዓመታት ዕቅዶች። አቶ መላኩ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጡልኝ። ቃል በቃል አንድ ነበሩ። ቀኑ ብቻ ነው የተቀየረው።

«ለአራት ላም መኖ ይላል» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ደብዳቤው ላይ ግን ሦስት ነው ያተምኩት። አራተኛዋስ?»

አራተኛዋ ሻሼ ነበረች። ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል። ፊቴ ጋለ። በየዓመቱ ያንን ወረቀት ስሞላ ማን ያነበዋል እያልኩ ነበር፤ ያነበበው ሰው ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

«ሲሰረዝ የሚጮህ ወረቀት አለ» አሉ አቶ መላኩ። «የእርስዎ አልጮኸም። በግማሽ ዓመት የበጀት ዝውውር አለ። የምር የሆነ ነገር ካመጡልኝ አብሬዎት ቁጭ እላለሁ።»

ደረጃውን ስወርድ ከወጣሁበት ይልቅ ረዘመብኝ።

አራት ሰዓት፣ ገርጂ

ኮሌጁ ስደርስ የተከራየነው አይሱዙ የጭነት መኪና የግቢው አፈር ከፍ ያለበት ላይ ኋላውን ሰጥቶ ቆሟል። ላሞቹ ሳይዘሉ እንዲገቡ ማለት ነው። ይህን ዘዴ ያወጡት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ጋሽ ታደሰ የበረቱ ጠባቂ፣ አላቢ፣ አዋላጅ፣ ሁሉ ነገር ናቸው። ከጎጃም የመጡት በወጣትነታቸው ነው። አሁን ጢማቸው ሸብቷል። ለመምህራኑ የማይነግሩትን ለላሞቹ ይነግራሉ። እኔ በክፍል ውስጥ በሰሌዳ የማስተምረውን ሠልጣኞቹ በእጃቸው የሚማሩት ከእሳቸው ነበር። ደመወዛቸው ግን ከመደበኛው መዝገብ አልነበረም። በኮንትራት፣ ከዚያው ከተሰረዘው ወጪ ላይ ነበር የሚከፈላቸው። ኮንትራታቸው ከሰኔ ጋር አብቅቷል። ዛሬ የመጡት ማንም ሳይጠራቸው ነው።

«ለሰው ሊሰጡ ነዋ» አሉኝ። «ጸባያቸውን ማን ይነግርላቸዋል?»

ዳማ ቀድማ ገባች። ጉሬዛ ተከተለቻት። ሦስተኛዋ ቦራ ግን አፈሩ ላይ አራት እግሯን ተክላ እምቢ አለች። ሹፌሩ ሚኪ ከኋላ ሊገፋት ሲጠጋ ጋሽ ታደሰ እጃቸውን አነሱ።

«ተው ልጄ! አትግፋት። እሷ ካልጠየቋት አትሄድም።»

ጆሮዋ ሥር አከክ አከክ አደረጓትና አንድ ሁለት ቃል ሹክ አሏት። ቦራ እንደ እመቤት ቀስ ብላ ገባች። ሚኪ አይቶ «ፐ! ሚስቴንም እንዲህ አናግሩልኝ» አለና ሁላችንንም አሳቀን። የጭነቱን ዋጋ የክፍሉ መምህራን አዋጥተን ነበር፤ እሱም የላም ጉዳይ መሆኑን ሲሰማ ቀነስ አድርጎልናል።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ጎሮ

ከገርጂ በጃክሮስ በኩል ጎሮ ለመድረስ ያን ያህል አይርቅም፤ ግን መንገዱ ተቆፍሮ መኪናው ሁሉ በአንድ መስመር ይጎተታል። ከፊታችን አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ፣ ከጎናችን ሰው የታጨቀበት ሚኒባስ። የሚኒባሱ ረዳት በመስኮቱ ወጥቶ የዳማን አፍንጫ ዳሰሰና «ወያላዋ፣ ቦታ አለ?» ብሎ ተሳፋሪውን በሳቅ ፈጀው። በቆሎ የምትጠብስ ሴት ከመንገዱ ዳር ሆና ለሦስታችን ሦስት በቆሎ ሸጠችልን። በልተን የተረፈውን ቆረቆንዳ ለላሞቹ ስንሰጥ አይታ ከከሰሉ አጠገብ የተቆለለውን የበቆሎ ልጣጭ በኩርቱ ፌስታል ሞልታ በነፃ ጨመረችልን።

ትንሽ እልፍ እንዳልን ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ጭነቱን አየ፣ ደብዳቤውን አነበበ፣ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አዞረ።

«የመንግሥት ላም ናቸው?»

«አዎ።»

«ወተታቸውስ የማን ነው?»

«የተማሪዎች» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ እኔ ሳልቀድም። «እጃቸውን የሚያፍታቱበት ነው።»

ፖሊሱ ደብዳቤውን መለሰልኝና ሲኖትራኩን አስቁሞ አሳለፈን። እኔ ግን ከጋሽ ታደሰ አጠገብ ጋቢና ውስጥ ተጨናንቄ ተቀምጬ ያ ፋይል ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ሙዙን አወጣሁ፣ ላጥኩላቸው፣ አልበላሁም። «አመመሽ እንዴ?» ሲሉኝ «መንገዱ ነው» አልኳቸው።

ሰባት ሰዓት፣ ቦሌ ለሚ

የኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ላይ ስንደርስ የምሳ ሰዓት ነበር። የልብስ ፋብሪካዎቹ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ በሸሚዛቸው ላይ ባጅ አንጠልጥለው እየተቃቀፉ ይወጣሉ። አንዳንዶቹ አይሱዙውን ከበው ላሞቹን በስልክ አነሷቸው። አንዲት ቀጭን ልጅ ግን ስልክ አላወጣችም፤ እጇን አሾልካ የጉሬዛን አንገት ብቻ ዳሰሰችና «ሽታቸው ናፍቆኝ ነበር» ብላ ሄደች።

ከፓርኩ አጥር ጀርባ አስፋልቱ አለቀ። ጥቁሩ መሬት ዝናብ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ሆኗል። መቶ ሜትር ሳንሄድ የኋላው ጎማ ሰመጠ። ሚኪ ድንጋይ አስገባ፣ ገለባ አስገባ፣ ጎማው ዝም ብሎ ይዞራል።

«በቃ ወርደን በእግር እንሂድ» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ላም እግር የተሰጣት ለዚህ ነው።»

ላሞቹን ከመኪናው ኋላ ባለ አንድ ጉብታ ላይ አወረድናቸው። ሚኪ መኪናውን የሚያወጣለት ትራክተር ሊጠብቅ እዚያው ቀረ። እኔ ዳማን፣ ጋሽ ታደሰ ሁለቱን ይዘን በጭቃው ገባን። በግራ በኩል ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች ይታያሉ፤ በቀኝ የጤፍ ማሳ፣ ገና የተዘራ። ጸጥ ያለ ነበር። ከዚህ የተሻለ ቦታ እንደማላገኝ ገባኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። በጀቱ የተሰረዘው በእኔም ጥፋት ነው።»

ነገርኳቸው። ሦስቱን ዓመት፣ የተቀየረውን ቀን፣ ሁሉንም። እየሄዱ ሰሙኝ።

«ሻሼንም ጽፈሻታል?»

«አዎ።»

«እኔ ቀበርኳት፤ አንቺ ደግሞ በወረቀት ስትቀልቢያት ኖርሽ» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ቀለል ያለኝ መሰለኝ። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ሄደው እኔን ሳያዩ ጠየቁኝ።

«እኔስ? እኔ እወረቀቱ ላይ አለሁ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ዕቅዱን በዓይነ ልቡናዬ ከላይ እስከ ታች አየሁት። መኖ አለ። መድኃኒት አለ። ባልዲ እንኳ አለ። እሳቸው «ልዩ ልዩ» በምትል አንዲት መስመር ውስጥ ነበሩ፣ ከመጥረጊያና ከገመድ ጋር።

«የሉም» አልኳቸው።

ቦራ ቆማ ሣር ስትነጭ ጠበቋት። ከዚያ መንገዳችንን ቀጠልን። የአዴ ወርቄ ግቢ የባሕር ዛፍ አጥር እስኪታየን ድረስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በዚያ ጭቃ ውስጥ ጫማዬ ሳይሆን ልቤ ነበር የከበደኝ።

ስምንት ሰዓት ተኩል፣ የአዴ ወርቄ ግቢ

አዴ ወርቄ በሩ ላይ ቆመው «ኮቱ! ኮቱ! ኑ!» እያሉ ተቀበሉን፤ ለላሞቹ ይሁን ለእኛ አልለየሁትም። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ድምፃቸው ግቢውን የሚሞላ እናት ናቸው። የቤተሰባቸው እርሻ ለመንደርና ለፋብሪካ ሄዷል፤ የቀራቸው ይህ ግቢ፣ ትንሽ የሣር ቦታና አራት ላሞች ናቸው። ወተት ለኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች ይሸጣሉ። መጀመሪያ ቂንጬ በቅቤ አቀረቡልን። ከዚያ ተነስተው ላሞቹን እየዞሩ ጎናቸውን፣ ጡታቸውን፣ ሰኮናቸውን ሲያዩ ቆዩ።

«ደህና ተይዘዋል» አሉ። «ማነው ያሳደጋቸው?»

ጋሽ ታደሰ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ወደ እሳቸው ጠቆምኩ።

«እኔ እወስዳቸዋለሁ» አሉ አዴ ወርቄ፣ «ወተታቸው ለመኖአቸው ይሆናል። ግን አንድ ነገር አለ። ያኔ እናንተ ጋ የተማርኩት ሦስት ሳምንት ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያኖረኛል። ለጎረቤቶቼ ስነግር ሁለተኛው ዙር የለም ተባሉ። ለምን ቀረ?»

«በጀት» አልኩ።

«በጀት ማለት ገንዘብ ነው አይደል? እዚህ እኮ ሣር አለ፣ ላም አለ፣ ሴቶቹ አሉ። ተማሪ ልጆችሽንም አምጪያቸው። የሚያሳይ ሰው ብቻ ነው የሌለን።»

በዚህ መሃል ጋሽ ታደሰ ከአዴ ወርቄ አራት ላሞች ወደ አንዷ ሲጠጉ አየሁ። ጎንበስ ብለው የኋላውን ጡት በመዳፋቸው ያዙት።

«እናቴ፣ ይቺ ስትታለብ ትራገጣለች?»

«ከትናንት ጀምሮ። እንዴት አወቁ?»

ጥቁር ጨርቅ ጠየቁ። አዴ ወርቄ አሮጌ ጥቁር ሻሽ አመጡላቸው። ከያንዳንዱ ጡት አንድ ሁለት ጭብጥ አለቡበት። ከሦስቱ ንጹሕ ወተት ወጣ። ከአራተኛው እንደ አይብ የተቋጠረ ነገር ጥቁሩ ላይ ቀረ። በአጥሩ በኩል ሲያዩን የነበሩ ሁለት ጎረቤቶች ገቡ። ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ይዘው አሳዩአቸው፤ የታመመውን ጡት ሙቀቱን፣ ጥንካሬውን፣ ጤነኛው ምን እንደሚመስል። አንደኛዋ ጎረቤት አማርኛ እምብዛም አልነበራትም፤ አዴ ወርቄ በኦሮምኛ ያስረዷታል፤ ጋሽ ታደሰ የሰሙትን የኦሮምኛ ቃል እየደገሙ ያስቋቸዋል። ይህ ወተት እንደማይሸጥ፣ ይቺ ላም መጨረሻ ላይ እንደምትታለብ፣ ሐኪም ዛሬውኑ መጠራት እንዳለበት ነገሯቸው። ሐኪሙን እኔ ደወልኩለት።

አሥራ አንድ ዓመት ይህን ትምህርት አስተምሬአለሁ። እንደዚያ ቀን ሲሰጥ ግን አይቼ አላውቅም።

ጋሽ ታደሰ እጃቸውን በሳሙና እየታጠቡ በሩቅ ተጣሩ።

«መምህርት! እንግዲህ ይህን ጻፊ።»

ከጭቃው መንገድ ወዲህ ለእኔ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ነበር። ደብተሬን አወጣሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ወደ ቤት

ጋሽ ታደሰ ላሞቹ እስኪለምዱ ብለው እዚያው አደሩ። ስሰናበታቸው ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳሙኝ፤ ይቅርታ የሚል ቃል በመካከላችን አልወጣም። አዴ ወርቄ አንድ ሊትር እርጎ በላስቲክ ጠርሙስ አሸከሙኝ። ሚኪ መኪናውን አውጥቶ ቀድሞ ሄዷል። እኔ ከፓርኩ በር ሚኒባስ ይዤ፣ ጎሮ ላይ እንደገና ተዘግቶብን፣ ሊመሽ ሲል ገርጂ ገባሁ።

እህቴ በሩን ከፍታ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ጭቃ ጉልበቴ ድረስ ነበር።

«ላሞቹ ደረሱ?»

«ደረሱ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ለቅሶ ቤት የዋልሽ የምትመስዪው?»

እርጎውን እየጠጣን ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ የእራቱን ጠረጴዛ አጸዳችልኝና «በይ ጀምሪ» አለችኝ። አዲሱን ዕቅድ ጀመርኩ። አዴ ወርቄን ጻፍኩ፣ ጥቁሩን ጨርቅ ጻፍኩ፣ ሁለቱን ጎረቤቶች ጻፍኩ። ጋሽ ታደሰን በሙሉ ስማቸው፣ «የተግባር ሥልጠና ረዳት» ብዬ ለብቻቸው መስመር ሰጥቼ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ መልካም ነው ብዬ አልዋሽም። በመስከረም አዲስ የወተት ሠልጣኝ አልተቀበልንም። ነባሮቹ ግን ሐሙስ ሐሙስ አዴ ወርቄ ግቢ ድረስ በሚኒባስ እየሄዱ ተማሩ፤ ጎረቤቶቹም አብረዋቸው ተቀመጡ። አቶ መላኩ ቃላቸውን ጠብቀው አንድ ሐሙስ አብረውኝ መጡ። የሚያምር ጫማቸው በረት ውስጥ ተበላሸ፤ ጋሽ ታደሰ ቦራን እንዲያልቡ አስቀመጧቸው፤ ጠብታ ሳያገኙ ተነሱ። በግማሽ ዓመቱ ዝውውር መኖና መድኃኒት ተፈቀደልን፤ የጠየቅነውን ያህል ባይሆንም። የጋሽ ታደሰ መስመር ግን አላለፈም። አዲስ የሥራ መደብ ለመክፈት ከአቶ መላኩ በላይ ያለ ፈቃድ ይጠይቃል። ለጊዜው አዴ ወርቄ በላሞቹ ወተት ያሠሯቸዋል። ሠልጣኞቹ «መምህር» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም መቆጣት ትተዋል።

በጀት ሩቅ ቦታ፣ በማላውቃቸው ሰዎች የሚወሰን ነገር ይመስለኝ ነበር። ጣሪያውን በእርግጥ እኔ አላወረድኩትም። ከጣሪያው ሥር ማን እንደቆመ መናገር ግን የእኔ ሥራ ነበር፤ በዚያች አጭር መንገድ የተማርኩት ይህን ነው። ጋሽ ታደሰ ዛሬም የኮሌጁ ቅጥር የላቸውም። ስማቸው ያለበት ወረቀት ከቢሮ ቢሮ እየሄደ ነው፤ እኔም አብሬው እሄዳለሁ።